ውሾቹን የምትይዘው እህት

ፎቶ አንሺዋ ውሻ ትፈራ ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ እህቷ።

ነገሩ የልጅነት ነው። ስምንት ዓመቷ ላይ ዳቦ ተልካ ስትመለስ የጎረቤት ውሻ ባቷን ነክሶ ያዛት። ሰው ሁሉ ድንጋይ ፍለጋ ሲራወጥ፣ አምስት ዓመት እንኳ ያልሞላት ታናሽየዋ ዝም ብላ ሄዳ የውሻውን ጆሮ ሥር አከከችለት፤ ውሻውም ባቷን ለቅቆ ዓይኑን ጨፈነ። አባታቸው ይህን ሲያወሩ በየጊዜው ይጨምሩበት ነበር። መጀመሪያ ውሻው አንድ ነበር፣ እያደር ሁለት ሆነ፣ በስተርጅናቸው ሦስት አድርሰውታል። ትንሿን «ድንቢጥ» ያሏት ያን ቀን ነው፤ ከወፍ የማትበልጥ ሆና ከአውሬ ጋር ትነጋገራለች ብለው። ስሙ በዚያው ጸናባት። ስልሳ ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት እንኳ ሰው ሁሉ ድንቢጥ ነበር የሚላት።

ታዲያ ውሻ የምትፈራ ሴት እንዴት የውሻ ፎቶ አንሺ ሆነች? ኑሮ ነዋ። ኑሮ የማያስለምደው ምን አለ።

ፎቶ ቤቱን የከፈተው ባሏ ነበር። በቁልፍ ቀራጩና በፋርማሲው መካከል የተሰነቀረች አንዲት ጠባብ ቤት ናት፤ ከፊት የመስታወት ሳጥን፣ ከኋላ ግራጫ መጋረጃ፣ ግራና ቀኝ ጃንጥላ የደፉ ሁለት መብራቶች። እሱ ሙያውን አስተማራት፤ ሲሞት ሙያውም ቤቱም ለእሷ ቀሩ። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለመንጃ ፈቃድ ስታነሳ ኖረች። «አገጭዎን ዝቅ፣ ትከሻዎን ቀና» እያለች ስንቱን ሰው ቀጥ አድርጋዋለች። በኋላ ግን ስልክ የያዘ ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆነና ቤቱ ጭር አለ። ቀኑን ሙሉ ዝንብ ስታባርር ትውል ጀመር።

አንድ ቀን ጡረታ የወጡ አንዲት አስተማሪ ለጉርድ ፎቶ መጡ። ውሻቸውን አቅፈዋል። «ያስቀምጡት» ብትላቸው «ያለቅስብኛል» አሉ። እንዳቀፉት አነሳቻቸው። ፎቶው ሲወጣ የውሻው አንድ ጆሮ በትከሻቸው በኩል ብቅ ብሏል። ፎቶውን ያስገቡበት መሥሪያ ቤት «ይህ ደግሞ የማን ጆሮ ነው?» ብሎ መለሰባቸው። አስተማሪዋ ግን ወደዱት፤ አሳድገሽ ሥሪልኝ አሉ። ሁለት አድርጋ ሠራችውና አንዱን መስታወቱ ላይ ለጠፈችው። በሳምንቱ ሦስት ሰው ውሻ እየጎተተ መጣ።

ቁልፍ ቀራጩ ሥራውን ትቶ ብቅ አለ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ጉርድ ነው ሙሉ ቁመት?»

«ሙሉ ቁመት።»

«መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ነው እንዴ?»

«አንተ ካወጣህ እሱ ምን ያንሰዋል!»

አፏ ይመልስ እንጂ ውሻው አጠገብ አትደርስም ነበር። የመጀመሪያውን ትልቅ ውሻ ያነሳችው ወንበር ላይ ወጥታ ነው። የዚያኑ ዕለት ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ድንቢጥ ትሰፋበት የነበረው የልብስ ፋብሪካ ተዘግቶ ቤት ውላለች። ባሏ ጥሏት ከሄደ ቆይቷል፤ አንዲት ልጅ አለቻት።

«ነይ ያዢልኝ» አለቻት።

«ምኑን?»

«ውሻ።»

«እቴቴ! አንቺ? ውሻ?» ድንቢጥ እስኪያንቃት ሳቀች። እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ «መቼ ልምጣ?» አለች።

እንዲህ ሆኖ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ድንቢጥ ውሻውን በር ላይ ትቀበላለች። ባለቤቱ ከመጋረጃው ወዲያ ይቀመጣል፤ ውሻ ጌታውን ካየ ሌላ ነገር አያይምና። ትንበረከክና ግራ እጇን ከደረቱ ሥር ታስገባለች፣ በቀኟ ጆሮ ሥሩን ታካለች፣ ትንፋሹ ረጋ እስኪል ትጠብቃለች። ከዚያ ከጉሮሮዋ አንድ ድምፅ ታወጣለች። ፉጨት አይደለም፣ ጥሪም አይደለም፤ እርግብ ውሃ እየጠጣች ብታንጎራጉር ምናልባት እንደዚያ ትል ይሆናል። ያን ጊዜ ውሻው ሁለት ጆሮውን ያቆማል፣ ዓይኑ ይበራል። ፎቶ አንሺዋ ዓይኗን ከካሜራው ሳትነቅል በግራ እጇ ጀርባ አየሩን ገፋ ታደርገዋለች። ውጪ ማለቷ ነው። ድንቢጥ እንደ ጥላ ሸርተት ትላለች። ቀጭ! አለቀ። ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ድንቢጥ እጇን ቶሎ ያላወጣች እንደሆነ፣ ወይም ውሻው ካልያዙት የማይቆም ዓይነት ሲሆን፣ እጅ ፎቶው ላይ ይቀራል። እሱን ፎቶ አንሺዋ ኋላ ኮምፒዩተሯ ላይ ቁጭ ብላ ታጠፋዋለች። እጁን ታጠፋለች፣ ገመዱን ታጠፋለች፣ በቦታው የውሻውን ጸጉር ትሞላበታለች። በዚህ ሥራ የሚስተካከላት አልነበረም። ድንቢጥ ሻይ ይዛላት ትመጣና ከኋላዋ ትቆማለች።

«ዛሬ ስንቴ ቆረጥሽኝ?»

«ሰባቴ።»

«አይ እጄ፣ ስንቱን ቻለ!»

ይሳሳቃሉ። ደንበኛውም ፎቶውን ሲቀበል «አቤት፣ እንዴት ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆመ!» ይላል። የሙያው ክብር እሱ ነው፤ ውሻው ብቻውን የቆመ መምሰል አለበት።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት አንዲት ፊልም ሠሪ መጣች። ስለ ተራ ሰዎች ሥራ አጫጭር ፊልም የምትሠራ፣ ጫማዋ አቧራ የለበሰ፣ ንግግሯ ለስለስ ያለ ሴት ናት። መስታወቱ ላይ ያሉትን ውሾች አንድ በአንድ አይታ ስታበቃ፣

«አንድ ቀን ከእናንተ ጋር ልዋል» አለች። «እንደ ሁልጊዜያችሁ ሥሩ። እኛን እንደሌለን ቁጠሩን።»

ለፎቶ አንሺዋ ይህ ደስታ ነበር። ለድንቢጥ ግን ከደስታ በላይ ነበር። ልጇ ሩቅ ከተማ ተድራለች። የባሏ ቤተሰቦች የተማሩ፣ ግድግዳቸው በመጽሐፍ የተሸፈነ ሰዎች ናቸው። በሠርጉ ሰሞን አማትየዋ «እናትሽ ምን ይሠራሉ?» ብለው ልጅቷ ለማስረዳት ስትንተባተብ፣ ከማዶ አንዱ «ውሻ ያጥባሉ አሉ» ብሎ ሲስቅ ድንቢጥ በገዛ ጆሮዋ ሰምታለች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው። ከዚያ ወዲህ ግን ወደ ልጇ ቤት በተጠራች ቁጥር አንድ ጊዜ ወገቤን፣ አንድ ጊዜ ጉልበቴን እያለች ትቀራለች።

«እኔንም ያሳዩኛል እቴቴ?»

«ታዲያ ማንን ሊያሳዩ ነው! ውሾቹን እኔ የምይዛቸው መሰለሽ?»

«አይ፣ እንዲያው ነው። ለልጄ ልንገራት?»

«ንገሪያት እንጂ!»

ነገረቻት። ልጅቷም ለአማቷ ነገረች። አማትየዋም «እንግዲህ ሲወጣ ሰብሰብ ብለን እናየዋለን» አሉ። ይህንን ከሰማች ወዲያ ድንቢጥ መሬት አልረገጠችም። ጸጉሯን ተሠራች፤ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ቀሚስ ራሷ ቀድዳ ራሷ ሰፋች።

በቀረጻው ቀን ቀሚሱን ለብሳ ስትመጣ ፎቶ አንሺዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«በዚህ ላይ የነጭ ውሻ ጸጉር ሲያርፍበት!»

«ይረፍበታ! ሥራዬን ነው የሚያሳዩልኝ ወይስ ሠርጌን?»

ፊልም ሠሪዋ ከአንድ ካሜራ ያዥ ጋር በጠዋት ገባች። ለዕለቱ አምስት ውሻ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። የመጀመሪያው፣ ከድመት የማይበልጥ፣ ገና እንደገባ የመብራቱ ገመድ ላይ ሸና። «መረቀን» አለች ድንቢጥ፤ ካሜራ ያዡ ሳቁን ሊይዝ ሲል ካሜራው ተንቀጠቀጠበት። የፋርማሲስቱ ውሻ፣ ጥጃ የሚያህለው፣ ካሜራ በዞረበት ቁጥር ያዛጋል። ፋርማሲስቱ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኖ «ምን ሰጣችሁት?» ይላል። «ያንተን መድኃኒት!» ትለዋለች ድንቢጥ።

ፎቶ አንሺዋ መጀመሪያ ላይ እንደ እንጨት ደርቃ ነበር። ከቀትር በኋላ ግን ሥራው ወሰዳት፤ የሚቀርጿት ሰዎች መኖራቸውን እንኳ ረሳች። ሰው ሲረሳ ደግሞ እጅ የለመደውን ይሠራል። ድንቢጥ ያዝ፣ አከክ፣ ያቺ ድምፅ፤ ከዚያ የእጅ ጀርባ፣ ሸርተት፣ ቀጭ። አምስቱም ውሾች እንዲህ አለፉ።

ፀሐይ ዘንበል ሲል ፊልም ሠሪዋ «አሁን ቁጭ ብለን ትንሽ እናውራ» አለች። ግራጫው መጋረጃ ፊት ወንበር አደረጉ። ፎቶ አንሺዋ ተቀመጠች። የፋርማሲስቱን ውሻ ከጎኗ ያስቀምጡላት ዘንድ ተስማሙ፤ እሷ እየፈራች፣ ፍርሃቷን እየዋጠች። ድንቢጥ ውሻውን ይዛ መጣች፣ አስቀመጠችው፣ ከዚያም ከዚያው ሳትነሳ እጇን ደረቱ ላይ አድርጋ፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካክላ ቀና አለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከካሜራ ፊት ቀና ስትል ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ፈገግ ብላ ነበር።

ካሜራ ያዡ የተቀረጸው ምን እንደሚመስል ይታይ ብሎ ትንሿን ማሳያ ወደ ወንበሩ አዙሮ ነበር። ፎቶ አንሺዋ ዓይኗን ጣል አደረገች። ዓይኗ እህቷን አላየም። ዓይኗ ያየው የውሻው ደረት ላይ ያረፈ አንድ እጅ ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ስንት ሺህ ጊዜ ያጠፋችው እጅ። ሳታስበው፣ ሳታዝዘው፣ የግራ እጇ ጀርባ አየሩን ገፋ አደረገ።

ድንቢጥም ሳታስበው ሸርተት አለች።

ወዲያው የሁለቱ ዓይን ተገናኘ። ድንቢጥ ከመብራቱ ውጪ፣ ጨለምለም ካለው ጥግ ቆማ ነበር፤ ፈገግታዋ ገና ከፊቷ ላይ አልጠፋም። ፎቶ አንሺዋ «ነይ ተመለሺ» ልትል አፏን ከፈተች። ያን ጊዜ ፊልም ሠሪዋ ጠየቀች።

«እንዴት ነው ውሾቹ እንዲህ የሚታዘዙዎት?»

መብራቱ ፊቷ ላይ ነው። ሰው ሁሉ ይጠብቃታል። በሕይወቷ ሙሉ ሌላውን ሰው ቀና በል፣ ዝቅ በል ስትል ኖራ እሷን ማንም እንዲህ ትኩር ብሎ አይቷት አያውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም እንደሚባለው፣

«ልምድ ነው» አለች። «ውሻ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ። እነሱም ያውቁታል።»

ሲጨርሱ ሁሉም አመስግኖ ተሳስሞ ሄደ። ድንቢጥ ጸጉሩን ጠረገች፣ የተሸናበትን ገመድ አጠበች፣ ከቀሚሷ ላይ ነጭ ነጩን አንድ በአንድ ለቀመች።

«ደህና ተናገርኩ?» አለች ፎቶ አንሺዋ።

«ደህና ተናገርሽ» አለች ድንቢጥ። «ቀኑን ሙሉ የቀረጹት አለ አይደል። የሚበዛው እሱ ነው።»

እንግዲህ እህቷ በዚያ ተስፋ እንዳደረገች ፎቶ አንሺዋ አውቃለች። ፊልሙ እስኪወጣ ሁለት ወር ከምናምን ነበር። ስልክ አንስቶ «ልጄ፣ አንድ ነገር ሳልነግርሽ ቀረሁ፤ ውሾቹን የምትይዘው እህቴ ናት» ለማለት ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ዛሬ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስትል ቀኑ ነጎደ። ምን ብላ ትጀምረው? «ዋሽቼሻለሁ» ብላ? ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነባት። የባሰው ደግሞ ፊልም ሠሪዋ ራሷ ደወለች።

«የድሮ ፎቶ ይኖርዎታል? እርስዎ ወይም ሌላ ሰው ሥራ ላይ ሆናችሁ የሚያሳይ?»

«ልይ» አለች። ሁለት ቀን ሙሉ ኮምፒዩተሯን አገላበጠችው። ዲስኩ እየሞላ ሲያስቸግራት የጸዳውን ብቻ እያስቀረች እጅ ያለበትን ሁሉ ስትጥል ኖራለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የውሻ ፎቶ ነው፤ በሁሉም ላይ ውሻው ብቻውን ቀጥ ብሎ ቆሟል። የእህቷ አንድ ጣት እንኳ የለም። ያን ጊዜም ቢሆን መናገር ትችል ነበር። ግን የጸዱትን አሥር ፎቶ ላከችና «ያለኝ ይሄ ነው» አለች። የእጇስ ልማድ ነው፣ ይቅር ሊባል ይችል ይሆናል። የምላሷንና የዝምታዋን ግን በምን ታመኻኝ።

ፊልሙ የወጣ ዕለት ድንቢጥ ቤት ተሰበሰቡ። ቁልፍ ቀራጩ ከነሚስቱ መጣ፤ ፋርማሲስቱ ትልቁን ቴሌቪዥን ከኢንተርኔት ጋር አገናኘላቸው። ጡረተኛዋ አስተማሪም በከዘራ ተደግፈው መጡ። ልጅቷ ከሩቅ ከተማ ደውላ «እኛም ሁላችንም ተቀምጠናል፣ አማቴም አጎቶቹም አሉ» አለች። ድንቢጥ ስልኩን ሳትዘጋ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው ፊልሙ። ጥሩ ነው፤ ማንም ቢያየው ጥሩ ነው ይላል። መንገዱ አለ፣ የመስታወቱ ሳጥን አለ፣ ትንሹ ውሻ ገመዱ ላይ ሲሸና አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ፎቶ አንሺዋ ካሜራዋን ስታስተካክል፣ መነጽሯን ስታወልቅ፣ በመጋረጃው ፊት ብቻዋን ስትሄድ ስትመጣ ይታያል። ውሻው ይታያል። ከዚያ ያቺ የእርግብ ድምፅ ትሰማለች፣ ውሻው ጆሮውን ያቆማል፣ ፊልሙም ወደ ፎቶ አንሺዋ ፊት ይዞራል። ድምፁ ከእሷ የወጣ ነው የሚመስለው። አምስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአምስተኛው ላይ ቤቱ ውስጥ የሚስቅ አልነበረም። ቁልፍ ቀራጩ ጫማውን ያያል። በመጨረሻ «ውሻ ከልጅነቴ ጀምሮ እወዳለሁ» መጣ፤ ፎቶ አንሺዋ ምነው ምላሴን በቆረጠው አለች በልቧ።

ካለቀ በኋላ ከድንቢጥ ጭን ላይ ከስልኩ ውስጥ የአማትየዋ ድምፅ ተሰማ። ለክፋት አይመስልም። «በጣም ቆንጆ ነው። እናትሽ የቷ ጋ ነበሩ?»

ልጅቷ «እማዬ?» አለች። «እማዬ፣ የት ነበርሽ?»

ድንቢጥ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አነሳች። «ያቺ ድምፅ እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ አዳመጠች። «የለም፣ የውሻው አይደለም። ውሻው ጆሮውን ሲያቆም የሚሰማው። አዎ። በቃ እሱ ነው።»

ስልኩን ዘጋች፤ ለእንግዶቹ ሻይ ልታፈላ ተነሳች።

ፎቶ አንሺዋ በማግሥቱ በጠዋት ፊልም ሠሪዋ ጋ ደወለች። ያኔ ሁሉንም ተናገረች፤ ከመጀመሪያው ጀምራ፣ የባቷን ንክሻ ሳይቀር።

«እኔ እኮ» አለች ፊልም ሠሪዋ፣ «በእጅዎ ሲመልሷቸው ሳይ፣ እህትዎ መታየት የማይፈልጉ ዓይን አፋር መሰሉኝ። ለክብራቸው ብዬ ነው ካሉበት ሁሉ ቆርጬ ያወጣኋቸው። ያልጠፋው ድምፃቸው ብቻ ነው።»

«መልሰሽ ልታስገቢያት አትችይም?»

«ለየቦታው ተልኳል። ደግሞም ሰው አይቶታል። የተቆረጡትን ብልክልዎት ይሻላል?»

ላከችላት። ከሁሉም ተለቃቅሞ ሦስት ደቂቃ አይሞላም። ድንቢጥ ስትንበረከክ፣ ስታክ፣ ከንፈሯን ስታሞጠሙጥ፤ ከዚያ ስትሸራተት። ሁልጊዜ መጨረሻው ስትሸራተት ነው። ፎቶ አንሺዋ ይዛላት ሄደች።

«ለልጅሽ ላኪላት። ለአማትየዋም ታሳያቸው።»

ድንቢጥ እስከ መጨረሻው አየችው። «ቀሚሱ ደህና ነው የወጣው» አለች። ከዚያ ስልኩን መለሰችላት። «ተይው እቴቴ። ሰው አንዴ ነው ለማየት የሚሰበሰበው።»

«ድንቢጥ፣ እኔ እኮ እጄ ነው...»

«እጅሽን አውቀዋለሁ» አለች ድንቢጥ። «እጅሽን ከአንቺ በላይ አውቀዋለሁ። እጅሽ አላስከፋኝም።»

ሌላ አልጨመረችም። ፎቶ አንሺዋም ምን እንዳስከፋት አልጠየቀችም። ታውቀዋለቻ።

ጠብ የሚባል ነገር አልነበረም። በወሩ ገደማ ድንቢጥ የእንስሳት ሐኪሙ ክሊኒኩ ውስጥ እንድትሠራለት እንደጠየቃት ተናገረች፤ ሐኪሙ ሲወጋ እሷ ውሾቹን ልትይዝለት። ነጭ ጋዋን ሰጥቷታል። «ቅርብ ነው፤ እየመጣሁ አይሻለሁ» አለች። ፎቶ አንሺዋ እንዳትሄድ ልትለምናት ነበር፤ በምን አፏ።

ፊልሙ ደግሞ ደንበኛ አመጣ፤ ከዚህ ቀደም ያልታየ ደንበኛ። እያንዳንዱ ከመቀመጡ በፊት «ያቺን ድምፅ አሰሚን እስቲ!» ይላል። «የኔ አይደለችም» ትላለች ፎቶ አንሺዋ። «የእህቴ ናት። ውሾቹን ሁሉ የምትይዘው፣ የምታረጋጋው እሷ ነበረች። እኔ ውሻ እፈራለሁ።» ይስቃሉ፤ ትቀልዳለች ብለው። እንደገና ትነግራቸዋለች። ላገኘችው ሁሉ ትናገረዋለች፤ ለፖስተኛው፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢው፣ ምንም ለማይመለከተው ሰው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼው ነው፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ግን አላስቻላትም። ሦስት ሰው ቀጥራ ሞከረች። አንዱ ውሻውን ያንቃል፣ አንዷ ጥፍሬ ትላለች፣ ሦስተኛው ከውሻው ጋር ሲጫወት ይውላል። አሁን ትንንሾቹን ብቻ፣ ባለቤታቸው ይዟቸው ታነሳለች። የባለቤቱንም እጅ አታጠፋም። «ለምን አላጸዱልኝም?» የሚላትን ሰው «እንደሱ አልሠራም» ትለዋለች።

አንድ ቀን ልብ አግኝታ የእህቷ ልጅ ጋ ደወለች።

«ያ ሁሉ የእናትሽ ሥራ ነው» አለቻት። «ለአማትሽም ንገሪያቸው። ካስፈለገ እኔ በስልክ ልንገራቸው። ከፈለጋችሁም እስከዚያ ድረስ እመጣለሁ።»

«እኔማ አውቃለሁ አክስቴ» አለች ልጅቷ። «በልጅነቴ እዚያው መጋረጃ ሥር አይደል የተኛሁት። ለእነሱም ብነግራቸው አይክዱኝም፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ እሺ ይላሉ። ግን ሰበብ ነው የሚመስለው። እናቴ ደግሞ ሰበብ እንዲፈለግላት አትወድም።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ብትደውዪልኝ ኖሮ ጥሩ ነበር» አለች።

«እሺ ልጄ» አለች ፎቶ አንሺዋ።

ድንቢጥ ቃሏን አላጠፈችም። በወር አንዴ፣ የዕረፍት ቀኗ ላይ ጎራ ትላለች። ስለ ክሊኒኩ ታወራለች፤ የትኛው ውሻ ሐኪሙን እንደነከሰ፣ የትኛዋ ድመት ጣራ ላይ እንደወጣች። እንደ ድሮው ይሳሳቃሉ። ልትሄድ ስትነሳ ፎቶ አንሺዋ መብራቶቹን ታበራለች።

«ነይ እስቲ እዚያ ጋ ቁሚ። አንድ ላንሳሽ፣ ብቻሽን።»

«ዛሬ ቸኩያለሁ እቴቴ» ትላለች ድንቢጥ።

ተቆጥታ አይደለም የምትለው። ጉንጯን ስማት፣ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ትወጣለች። ባለፈው ወር ጠየቀቻት፣ በዚህኛውም ወር ጠየቀቻት። በሚመጣውም ወር እንደምትጠይቃት፣ እህቷም ምን ብላ እንደምትመልስላት ሁለቱም ያውቃሉ።